ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ከ8 ወር በኋላ፦ ላፕቶፑ ይመስገን፣ «ሙሉ ሶፍትዌሩ» ግን በፍጹም

ደሴ ፒያሳ ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ ሲሸጥ የሚባለው አንድ ነው፦ «ሙሉ ሶፍትዌር ተጭኖበታል፣ ወስደህ መክፈት ብቻ ነው»። ይህም የተገዛው በዚሁ ቃል ነው። ኮር አይ5፣ 8ኛ ትውልድ፣ ራም 8 ጂቢ፣ ኤስኤስዲ 256 ጂቢ። ውሎው ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ኪቦርዱ ለጽሕፈት ይመቻል፣ ስክሪኑ ደህና ነው፣ ባትሪው ያው ያገለገለ ባትሪ ነው። ስለ ማሽኑ ይህ ይበቃል።

ያናደደኝ ሶፍትዌሩ ነው። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ሲከፈት አረንጓዴ ምልክት ያሳያል፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል። «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ውስጥ ገብታችሁ «ማኔጅ ሴቲንግስ»ን ንኩና እስከ ታች ውረዱ። «ኤክስክሉዥንስ» የሚል አለ፤ ዲፌንደር፣ ማለትም ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣው አንቲቫይረስ፣ እንዳይፈትሻቸው የታዘዙ ቦታዎች የሚጻፉበት ዝርዝር ነው። እዚያ አንዲት መስመር ተቀምጣለች፦ ሲ ድራይቭ። ዊንዶውሱ፣ ፕሮግራሞቹ፣ ዴስክቶፑ፣ ከኢንተርኔት የሚወርደው ሁሉ ያለው ሲ ላይ ነው። አረንጓዴው ምልክት ግን ይህን ሁሉ እያለፈ አረንጓዴ ነው።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ፣ አንቲቫይረስ ለመሞከሪያ የተዘጋጀ አይካር የሚባል ምንም ጉዳት የሌለው ባለ 68 ፊደል ጽሑፍ አለ። በኖትፓድ ተጽፎ ፍላሽ ላይ ሴቭ ሲደረግ ዲፌንደር ወዲያው ያዘው። ያንኑ ዴስክቶፕ ላይ ሴቭ ስታደርጉት ዝም። ፋይሉ ያው ነው፣ የተቀመጠበት ድራይቭ ብቻ ተለየ።

ምክንያቱ ክራኩ፣ ማለትም ያልተከፈለበትን ሶፍትዌር እንደተከፈለበት የሚያስመስለው ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስን በክራክ «አክቲቬት» የሚያደርገውን ፕሮግራም ዲፌንደር አይቶ ስለሚያጠፋው፣ ወይ ጫኙ በእጁ ወይ ክራኩ ራሱ ዝርዝሩ ውስጥ መንገድ ይከፍትለታል። አንድ ፎልደር ይበቃው ነበር፤ የሰነፍ እጅ ድራይቩን እንዳለ ይጽፋል። ክራኩ እንዳይበላሽ ተብሎ ዊንዶውስ አፕዴትም ተዘግቷል። አፕዴት መዝጋት ምን እንደሚያመጣ ዓለም በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. አይቷል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ዋናክራይ የገባበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት የደፈነው ሁለት ወር ቀድሞ፣ በመጋቢት ነበር። የተጎዱት ያንን አፕዴት ያልጫኑት ናቸው።

ሻጩ የሚለውን አውቀዋለሁ፦ «ወንድሜ፣ ኦሪጅናል ዊንዶውስ ስንት ብር እንደሆነ ታውቃለህ? ክራክ ካልሆነ ከየት ይመጣል?» ከማዘርቦርዱ ይመጣል! እኔን ከሁሉ በላይ ያበሳጨኝ ይህ ነው። እንዲህ ያሉ የቢሮ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ከፋብሪካ ሲወጡ የዊንዶውስ ፕሮ ቁልፍ ባዮሳቸው (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የማስነሻ ሶፍትዌር) ውስጥ ተጽፎ ነው። ባለቤቱ ቢቀያየር፣ ዲስኩ ቢለወጥ ቁልፉ አይጠፋም። የተከፈለበት ላይሰንስ ውስጡ እያለ ነው ክራክ የጫኑበት።

ማስተካከያው ግማሽ ቀን አይፈጅም። ሰነዶችና ፎቶዎች ብቻ ወደ ውጭ ዲስክ ይወጣሉ፤ ማንኛውም የፕሮግራም ፋይል እዚያው ይቅር። ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 8 ጂቢ በሆነ ፍላሽ ይዘጋጃል። ከ5 ጂቢ በላይ ዳታ ስለሚበላ በሌሊት ፓኬጅ ማውረድ ነው። የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፣ ወደ እሱ አትመለሱ። ኤችፒ ሲነሳ ኤፍ9 እየነካካችሁ ፍላሹን ምረጡ፣ የድሮ ፓርቲሽኖቹን (የዲስኩን ክፍልፋዮች) በሙሉ አጥፉ። ቁልፉ ካለ ዊንዶውስ ራሱ ያነበዋል፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ «አክቲቬሽን» ገጽ ላይ በዲጂታል ላይሰንስ መከፈቱን አንዲት ትንሽ መስመር ትጽፍላችኋለች። በአሮጌው ዊንዶውስ ብራውዘር ላይ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች ግን ተሰርቀዋል ብላችሁ ሁሉንም ለውጡ።

አንድ ጥንቃቄ፦ 840 ጂ5 ባለ 7ኛ ትውልድ ፕሮሰሰርም አለው፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ጀምሮ ነው። ከ«አይ5» ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ8 መጀመሩን ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ።

የእኔም ዊንዶውስ እንዲህ እንደገና ከተጫነ ወዲህ ያለው ጊዜ ሌላ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጥናቱን ሊያሳትም ሲመጣ፣ ከኮምቦልቻ የሚመጣውም ሳይቀር፣ በፍላሹ ሾርትከት ቫይረስ ይዞ ይገባል። ፎልደሩ ላይ ትንሽ ቀስት ካለ፣ «ታይፕ» የሚለው ዓምድም «ሾርትከት» ካለ አትክፈቱት። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር የሲስተም ፋይል አስመስሎ ደብቆታል፤ ስትከፍቱት መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው። ዲፌንደር ሙሉ ስካን ሲያደርግ በራሱ ምርጫ ፍላሽን ስለማይጨምር፣ ፍላሹን ራሱን ራይት ክሊክ አድርጎ ማስፈተሽ ያስፈልጋል። ቫይረሱ ከጠፋ በኋላ ከ«ፎልደር ኦፕሽንስ» የተደበቁ የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ ስታደርጉ የተማሪው ሥራ እንዳለ ይወጣል። ለዚህ ሁሉ አንድ ብር ለአንቲቫይረስ አልተከፈለም፣ «አንቲቫይረስ ላስገባልህ» ለሚለውም መልሴ ይኸው ነው።

የዊንዶውስ አፕዴት በወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ፣ በእኛ ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይለቀቃል። ረቡዕ ሱቅ ከመዘጋቱ በፊት ላፕቶፑን እንደገና ማስነሳት ነው። ሆትስፖቱ «ሚተርድ» (ዳታው የሚቆጠርበት) ከተባለ ግን አብዛኛው አፕዴት በራሱ አይወርድም፤ ገብታችሁ «ዳውንሎድ» በሉት።

ላፕቶፑን ዛሬም ደግሜ እገዛዋለሁ። የምትገዙ ግን ገንዘቡን ሳትቆጥሩ፣ እዚያው ባንኮኒው ላይ ኤክስክሉዥንስን ክፈቱ። ሲ ድራይቭ ተጽፎ ካያችሁ ለሻጩ አሳዩትና ፊቱን ተመልከቱ።