680 ኪሎ የሚያነሳው የሞተር ክሪክ፦ ከመስከረም እስከ ግንቦት

የሞተር ሳይክል ማንሻ ክሪኩን የገዛሁት መስከረም ላይ ነው። አሁን ግንቦት ገብቷል። «ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን ልጻፈው።

ዕቃው የቻይና ስሪት ነው። ዝቅ ብሎ ከሞተሯ ሆድ ስር ይገባል፣ ከላይ ጎማ የለበሱ ሁለት ክንዶች አሉት። በእግር የሚረገጡ ሁለት ፔዳሎች አሉት፤ አንዱ ያነሳል፣ ሌላው ያወርዳል። ጎኑ ላይ 680 ኪሎ የሚል ተለጥፎበታል። የኔ አፓቼ 160 ደግሞ 140 ኪሎ ገደማ ናት። መርካቶ ላይ ሻጮች ደጋግመው የሚነግሯችሁም ይሄንኑ ኪሎ ነው።

እኔ ግን ኪሎውን ረስቼዋለሁ። ክብደት አቅቶት አያውቅም። አደጋው በጎን ነው የሚመጣው። ሞተሯ ስትነሳ ያረፈችበት ቦታ ጠባብ ነው፣ መሪው ሰፊ ነው፣ ነዳጅ የሞላው ታንከር ከላይ ነው፣ እና የጠበቀ ዳዶ ለመፍታት ቁልፍ ይዛችሁ በሙሉ ጉልበት ስትጎትቱ ሞተሯንም አብራችሁ እየጎተታችሁ ነው። ስለዚህ የጎማውን ዳዶ መሬት ላይ እያለች አላሉት። ከተነሳች በኋላ የምትፈቱት በእጅ የሚፈታውን ብቻ ይሁን። ይሄን አንዱን ብቻ ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል።

ማሰር ግዴታ ነው። ክሪኩ ግራና ቀኝ የማሰሪያ ቀለበት አለው፣ ብዙ ሰው ግን ልብ አይለውም። የጭነት ቀበቶ ገዝታችሁ በሁለቱም በኩል ከፍሬሙ ጋር ወጥሩት፤ በመሪው ወይም በመቀመጫው አይሆንም። የፊት ፍሬኑንም ጨብጣችሁ በላስቲክ እሰሩት፣ ያኔ ስታነሱና ስታወርዱ ጎማው መሬት ሲነካ ሞተሯ ወደፊት ወደኋላ አትንከባለልም።

ክንዶቹ የት ያርፋሉ የሚለው እንደ ሞተራችሁ ነው። አፓቼ ከኢንጂኑ ስር ሁለት የፍሬም ቱቦዎች ስላሏት ክንዶቹ እነሱ ላይ ይቀመጣሉ፣ ችግር የለም። የናንተ ሞተር ከስር ቱቦ ከሌላት፣ ማለትም ኢንጂኑ ራሱ ከታች የሚታይ ከሆነ፣ ወፍራም ጣውላ ሳታስገቡ እንዳታነሱ። ማርሚታና የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን በፍጹም ክብደት መሸከም የለባቸውም።

ጎማ የምታወጡ ከሆነ ሚዛኑ እንደሚቀየር አስቡ። የኋላው ሲወጣ ሞተሯ ወደ ፊት ትደፋለች፣ የፊቱ ሲወጣ ወደ ኋላ። ስለዚህ የኋላውን ለማውጣት ክሪኩን ከመጀመሪያው ትንሽ ወደ ፊት አስጠግቼ አስገባዋለሁ።

አሁን ወደ ድክመቱ። የካቲት ላይ ፓምፑ ዘይት ማላብ ጀመረ። ባዶውን ከፍ አድርጌ ሳልቆልፍ አሳደርኩት፣ ጠዋት ዝቅ ብሎ አገኘሁት። የማንኛውም ሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት የሚሠራ) ክሪክ ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ላስቲክ፣ አንድ ቀን ያልቃል፣ ስለዚህ ዘይቱ ሞተር ያነሳላችሁ እንጂ ይዞ እንዲያቆይላችሁ አትጠብቁ። ይዞ የሚያቆየው የብረት መቆለፊያው ነው። ካነሳችሁ በኋላ ብረቱ ጥርሱ ውስጥ እስኪገባ ትንሽ ታወርዳላችሁ፣ በዓይናችሁ አይታችሁ ታረጋግጣላችሁ፣ ከዚያ ነው እጃችሁ ከስር የሚገባው። ዘይት ስትጨምሩም የሃይድሮሊክ ዘይት ይሁን፤ የፍሬን ዘይት ጎሚኒውን ይጨርሰዋል።

ሌላው ቅሬታዬ እግሮቹ ናቸው። ጎማዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ሊሾ ላይ ብቻ ነው ደህና የሚሠሩት። ጨርቆስ ያለው የኛ ግቢ ኮብልስቶን ነው፣ እዚያ ላይ አንዱ እግር ገብቶ ሁሉንም ያዘማል። እኔ ከበረንዳው ስር አንድ ሞተር የሚበቃውን ያህል ሊሾ አስደርጌያለሁ። የቤት ባለቤቷን እትዬን ማስፈቀድ ነበረብኝ፣ አልከፋቸውም፤ እንዲያውም «ልጄ፣ ሕፃናቱን ብቻ አርቅልኝ» አሉኝ። ልክ ናቸው። የግቢ ልጆች የተነሳ ሞተር ሲያዩ መውጣት ያምራቸዋል፣ ስለዚህ ትቻት ውሃ ለመጠጣት እንኳ አልገባም። መብራት ሲሄድም ሥራው እዚያው ይቆማል። በስልክ ባትሪ፣ በአንድ እጅ፣ ከስር ሆኖ ዳዶ መፈለግ ለማንም አይበጅም።

ስታነሱና ስታወርዱ ሰው ጠርታችሁ ይሁን። አንድ ሰው መሪውን ይዞ ቢቆም በቂ ነው። የማውረጃውን ፔዳል ደግሞ ቀስ ብላችሁ እርገጡት፣ የኔው ትንሽ ከበዛበት ዝም ብሎ ይለቃል፣ እስካሁንም አልተስተካከለም።

ካቴና ለማጽዳትና ለመቀባት፣ የፍሬን ሸራ ለመቀየር፣ ጎማ አውጥቶ ጎሚስታ ጋ ለመውሰድ ግን ከልቤ እወደዋለሁ። ካቴናውን ስትቀቡ ጎማውን በእጅ አዙሩት፣ ኢንጂን አስነስታችሁ ማርሽ አስገብታችሁ አይደለም፤ ጣት ካቴናና ጥርሱ መካከል ከገባ አይተርፍም። መሃል ስታንድ ያላት ሞተር ካለቻችሁና የምትሠሩት ካቴና ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን አታውጡ። ከገዛችሁ ግን እዚያው ሱቁ ውስጥ መቆለፊያውን ደጋግማችሁ አስገብታችሁ አውጡት፣ ፓምፑን በጨርቅ ጥረጉና ዘይት ካለ ሌላ አስመጡ።