ኤፖኢ 4 ላለብን ሰዎች የተዘጋጀ የኦንላይን ፕሮግራም፦ ኮቿ ጎበዝ ናት፣ የምግብ ፕላኑ ግን ያሳስባል

እናቴ አልዛይመር አለባት፣ እኔም ተመርምሬ አንድ ኮፒ ኤፖኢ 4 (የአልዛይመርን ስጋት የሚጨምር የጂን ዓይነት) እንዳለኝ ስላወቅኩ ነው ይሄን ፕሮግራም የገዛሁት። ስሙን አልጠራም፣ እንዲህ ዓይነት አፕ አሁን በብዛት አለ አሠራሩም ተቀራራቢ ነው፦ በየወሩ ትከፍላላችሁ፣ የዲኤንኤ ውጤታችሁን ታስገባላችሁ፣ የምግብና የስፖርት ፕላን ይወጣላችኋል፣ በቻት የምታወሩት ኮች ይመደብላችኋል።

ያናደደኝን ላስቀድም። ፋይሉን እንዳስገባችሁ "ከፍተኛ ስጋት" የሚል ቀይ ጽሑፍ ይመጣል፣ ማየት ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ እንኳን አይጠይቅም። እኔ ቀድሜ አውቅ ነበር፣ ግን ሳያውቅ የሚያስገባ ሰው ይኖራል። የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት አንዱ ጄምስ ዋትሰን እንኳን በ2007 ሙሉ ጂኖሙ ሲነበብ የዚህን ጂን ውጤት እንዳይነግሩት ጠይቋል፣ አለማወቅም ምርጫ ነው ስለዚህ ይሄ መስተካከል አለበት። ደግሞ ቀይ ጽሑፉ የማይናገረው ብዙ ነገር አለ። ከአራት ሰው አንዱ ገደማ ይሄን ጂን ይይዛል፣ አንድ ኮፒ ሲሆን ስጋቱ ሁለት ሦስት እጥፍ ይጨምራል፣ ሁለት ኮፒ ሲሆን ከዛም በጣም ይበልጣል፣ ግን ጂኑ ኖሯቸው ሳይታመሙ የሚያረጁ ብዙ ናቸው። አብዛኛው ጥናትም የአውሮፓ ዘር ባላቸው ሰዎች ላይ የተሠራ ነው፣ አፍሪካዊ ዘር ባላቸው ላይ የጂኑ ጫና ቀነስ ብሎ ነው የተገኘው።

ወደ ምግቡ ስንመጣ ትልቁ ችግር እዚህ ጋር ነው። ኤፖኢ 4 ካለባችሁ አፑ በቀጥታ ኬቶ (ካርቦሃይድሬት በጣም ቀንሶ ስብ የሚያበዛ አመጋገብ) ያዛል፣ የኮኮናት ዘይት፣ ቅቤ፣ የሰባ ሥጋ፣ አእምሮ ኬቶን (ሰውነት ከስብ የሚሠራው ነዳጅ) ሲያገኝ ይጠበቃል ነው የሚለው። እኛ ግን በጂናችን ምክንያት ኤልዲኤል (መጥፎ የሚባለው) ኮሌስትሮላችን ከፍ የማለት ዝንባሌ አለው፣ ይሄ ዓይነት ስብ ደግሞ ይብስ ይጨምረዋል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ሪፖርት ልንከላከላቸው ከምንችላቸው 14 የመርሳት በሽታ አጋላጭ ምክንያቶች አንዱ በጎልማሳነት ዕድሜ ከፍ ያለ ኤልዲኤል ነው፣ እና ለኛ ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም ይሄን እንዴት ይዘነጋል? የኔ ኤልዲኤል በምርመራ ጨምሮ ተገኘ፣ ሐኪሜም አቁም አለኝ።

ለኮቿ ስነግራት ወዲያው ማይንድ ወደሚባለው አመጋገብ ቀየረችልኝ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ጥራጥሬ፣ ለውዝ፣ ዓሣ፣ የወይራ ዘይት። በጣም ተመችቶኛል። ማስታወቂያቸው ላይ ግን "አልዛይመርን በ53 ፐርሰንት ይቀንሳል" የሚለው ልክ አይደለም፣ ቁጥሩ ከ2015 ጥናት የመጣ ነው፣ ያ ጥናት ደግሞ ሰዎች ራሳቸው የሚበሉትን ተከታትሎ ያየ እንጂ መድቦ የሞከረ አይደለም። በ2023 የወጣው ግን 604 ሰዎችን መድቦ ለ3 ዓመት ሞክሮ ከሌላው ቡድን ጋር ግልጽ ልዩነት አላገኘም። ምግቡ ለልብም ለደም ስርም ጥሩ ነው፣ እሱን ብቻ ብለው ቢሸጡት ይበቃ ነበር።

ገንዘቤ አልባከነም የምለው በኮቿ ነው። የደም ግፊቴን በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች፣ የጆሮ ምርመራ እንዳደርግ ወትውታ አስደርጋኛለች፣ እንቅልፌን ትከታተላለች፣ በፈጣን እርምጃ ጀምረን ክብደት ማንሳት ጨመርን። ሲጋራና አልኮልም ጠይቃኛለች፣ እኔ ጋር ስለሌሉ አለፍነው። ሁሉን አንድ ላይ መያዙ መሠረት አለው፣ በፊንላንድ ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 77 የሆኑ 1,260 ሰዎች ላይ ለ2 ዓመት የተሠራው የፊንገር ጥናት ምግብን፣ ስፖርትን፣ የአእምሮ ልምምድንና የደም ግፊት ክትትልን አንድ ላይ አድርጎ የማሰብ ችሎታቸውን ጠቅሟል፣ ኤፖኢ 4 ያለባቸውም ተጠቅመዋል። ይሄን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ለእናቴ ባይደርስም ለኔና ለእህቶቼ ይደርሳል።

አብረው የሚሸጡትን ሳፕልመንት (ተጨማሪ እንክብል) ግን ተዉት። ስትከፍሉ እንደምትገዙት ምልክት ቀድሞ ተደርጎበት ነው የሚመጣው፣ ምልክቱን አንሱት። አልዛይመርን እንደሚከላከል የተረጋገጠ ሳፕልመንት የለም።

ከ5 ኮከብ 3 እሰጠዋለሁ። የአፑን የምግብ ፕላን አጥፍቼ በኮቿ ብቻ ቀጥያለሁ። የምትመዘገቡ ካላችሁ ሳትጀምሩ አንዴ፣ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ደግሞ አንዴ ኮሌስትሮላችሁን ተመርመሩ፣ ውጤቱንም ለሐኪማችሁ አሳዩ፣ አፑ ላይ አስገብታችሁ ብቻ አትተዉት።