ለስኩባ የእጅ ባትሪ ልግዛ? የገበያውን ወይስ የጠላቂውን?

ለስኩባ፣ ማለትም የአየር ጋን አዝለው ባሕር ለመጥለቅ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ የባሕር ዳር ጓደኞቼ ሁሌ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። «በቀን ለምንጠልቀው ባትሪ ምን ያደርግልናል? ካስፈለገስ የገበያው አይበቃም?» ያስፈልጋል። የገበያው ግን አይበቃም።

ቀይ ቀለም ገና 10 ሜትር ሳትደርሱ ይጠፋል። ቀዩ ኮራል አመድማ ሆኖ ይታያችኋል። ባትሪ ስታበሩበት ነው መልኩ የሚመለሰው። ድንጋይ ሥር የተሸሸገውን ዓሣማ ያለ ባትሪ አታገኙትም።

ወደ ዋጋው እንምጣ። እዚህ «ውኃ አያስገባም» እየተባለ የሚሸጠው ከ1,000 ብር በታች ይገኛል። ትንሽም ቢሆን ደህና የጠላቂ ባትሪ ከ50 እስከ 100 ዶላር ያስወጣል። ዶላር ከሐምሌ 2016 ወዲህ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፤ ያማል። ቢሆንም የምመርጠው እሱን ነው።

ምክንያቱም የገበያው ላይ የምታዩት «አይፒኤክስ 7» የሚል ጽሑፍ ትርጉሙ 1 ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይችላል ነው። ለዝናብና ለታንኳ ይበቃል። ጀማሪ ጠላቂ ግን እስከ 18 ሜትር ይወርዳል፤ 10 ሜትር ላይ ብቻ ግፊቱ እጥፍ ሆኗል። አንድ ጓደኛዬ ይዞት የወረደውን የገበያ ባትሪ ፈትቼ አይቼዋለሁ። ውኃ እንዳይገባ የሚያግደው ጎሚኒ አንድ ብቻ ነው፤ ቀጭን፣ ቅባት ያልነካው። ጨው ገብቶ ስፕሪንጉን አረንጓዴ አድርጎታል። ጠጋኝ ፍቆ አበራልን፣ ሳምንት ሳይሞላው ጠፋ። ጨው አንዴ ከገባ አትድከሙ።

የባትሪው ድንጋይም ሌላ ጣጣ ነው። 18650 የሚባለው ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ ላይ «9,900 ሚሊአምፒር-ሰዓት» (የሚይዘው ኃይል መጠን) ከተጻፈ ፎርጅድ ነው። የደህናው ጣሪያ 3,500 አካባቢ ነው። የወርቅ ቤት ሚዛን ካገኛችሁ መዝኑት። ኦሪጅናሉ 45 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በጣም ከቀለለ መልሱት።

ጣና ለመጥለቅ የምታስቡ ጨረሩ ጠባብ የሆነውን ግዙ። ግልገል ዓባይ ደለል ሲያስገባ ሰፊ ብርሃን ተመልሶ ዓይናችሁን ይወጋል። ሐይቁ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የከፍታ ሠንጠረዥም (ከፍታ ቦታ ላይ ስንት ሜትር፣ ለስንት ደቂቃ እንደሚጠለቅ የሚያሳየውን) አትርሱ።

ስትገዙ ትርፍ ጎሚኒና የሲሊኮን ግሪስ ጨምሩ። ቫዝሊን አትቀቡ፤ አንዳንዱን ጎሚኒ ያሳብጣል። ገንዘቡ ካልሞላላችሁ የሚያጠልቃችሁ ድርጅት ባትሪ ያከራይ እንደሆነ አስቀድማችሁ ደውሉ። የገበያው ቤት ይቀመጥ፤ መብራት ሲጠፋ ይጠቅማል።