ጀሞ ካሴት ያስቀዳሁበት ቤት፦ ድምፁ አንደኛ፣ ሽፋኑ ላይ ግን አዝኛለሁ

የማህሙድ አህመድን ሥራዎች በዳታቤዝ መልክ መሰብሰብ ከጀመርኩ ዓመት አለፈኝ። ዘፈኑ፣ አሳታሚው፣ ባንዱ፣ ዓመቱ፣ ሁሉም የየራሱ ዓምድ አለው። የሸክላዎቹን ፎቶ ሰዎች እየላኩልኝ ብዙም አልተቸገርኩም። ችግሩ ካሴቱ ነው። አጎቴ የተወልኝ አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት አለ፣ ቤት ውስጥ ግን የሚሠራ ቴፕ የለም። ጀሞ አንዲት ጠባብ ሱቅ ካሴት ወደ ፍላሽ ትቀዳለች ሲሉኝ ከካርቶኑ 12ቱን በፌስታል ይዤ ሄድኩ።

ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። አንዱ ካሴት ክሩ ተበጥሷል፤ «ጋሼ፣ ይሄ አለቀለት አይደል?» ስላቸው «ኧረ ምን ሆኖ!» ብለው አምስቱን ትንንሽ ብሎን ፈቱ፣ ክሩን በራሱ ማጣበቂያ ቀጠሉ (በተራ ፕላስተር የቀጠለ ሰው ቴፑን ነው የሚያበላሸው)፣ ከዚያ የማጫወቻውን ሄድ (ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነበውን ክፍል) በጥጥና በአልኮል ጠረጉ። ዘፈኑን ከፍተው ደግሞ ከሄዱ ጎን ያለችውን ብሎን በቀጭን ካቻቪቴ ነካ ነካ ያደርጋሉ። «‹ሰ›ዋን ስማ፣ አሁን ጠራች» አሉኝ። እውነትም የታፈነው ድምፅ ተከፈተ። ለዚህ ብቻ ከአምስት አምስት እሰጣቸዋለሁ።

ዘገየ ብሎ የሚያማርር አለ። ወገን፣ የ60 ደቂቃ ካሴት ለመቅዳት 60 ደቂቃ መጫወት አለበት፣ አቋራጭ የለውም። የእኔ ሳምንት ፈጀ።

አሁን ወደ ብስጭቴ። ፋይሎቹን የሚሰይመው ረዳታቸው ነው። ስማቸው «ኤ1»፣ «ኤ2» ብቻ። ይሁን። በረጅም ሙዚቃ የሚጀምረውን ዘፈን ዘፈኖቹን የሚለየው የኮምፒውተር ፕሮግራም ዝምታ መስሎት ለሁለት ቆርጦታል፣ እሱም ይሁን። ካሴቶቹን ግን ከሽፋናቸው አቀያይሮ መለሰልኝ! ለሚያዳምጥ ሰው ምንም አይደለም። ለእኔ ሽፋኑ ግማሹ ሥራ ነው፣ ምክንያቱም አሳታሚውና ዓመቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሁለት ቅዳሜ በልቶብኛል።

ዓመት ደግሞ ለብቻው ራስ ምታት ነው። የማህሙድ «ኧረ መላ መላ» ካይፋ በሚባለው አሳታሚ በሸክላ የወጣው በፈረንጅ 1975 ነው፤ ወሩን ካላወቅክ በእኛ 1967 ይሁን 1968 መለየት አትችልም። በፈረንጅ 1986 የቤልጅየሙ አሳታሚ ክራምድ ዲስክስ እንደገና አወጣው፣ ኋላ ደግሞ ኢትዮፒክስ በሚባለው የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ 7ኛ ቅጽ ሆኖ መጣ። ስለዚህ ለአንዱ ሥራ ብዙ ረድፍ፣ ለዓመቱም ሁለት ዓምድ አለኝ። ስሙም እንደዚያው ነው፣ አንዱ «ማህሙድ»፣ ሌላው «ማሕሙድ»፣ ሦስተኛው «መሐሙድ» ብሎ ይጽፋል፤ በአንዱ ስትፈልግ ሌላው አይመጣም። ሽፋኑ ላይ እንዳለ እጽፍና ከጎኑ አንድ ወጥ አጻጻፍ አስቀምጣለሁ።

የምትሄዱ ካላችሁ፣ ቁጥሩን በማርከር ራሱ ካሴቱ ላይ ጻፉ፣ ሽፋኑ ላይ አይደለም። ሳትሰጡ ሁሉንም ፎቶ አንሱ። ኤምፒስሪ (ድምፁን ቀንሶ የሚያሳንሰውን ፋይል) ብቻ እንዳይሰጧችሁ፣ ዋቭ (ሳይቀነስ የሚቀመጠውን) ጠይቁ፤ ፍላሹም ሰፋ ያለ ይሁን።

ካርቶኑ ውስጥ 30 የሚሆን ካሴት ቀርቶኛል። እሱንም ለእሳቸው ነው የምወስደው። ማርከሩን ግን ከእጄ አልለቅም።