ስሕተትን ሳያርሙ ለጻፉልኝ ባለሙያ ምስጋና፤ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ጥቆማ

እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ በማስተማር፣ በተለምዶ ቴፍል በምንለው የትምህርት ዘርፍ፣ የሁለተኛ ዲግሪ የማሟያ ጽሑፌን በቅርቡ አቅርቤ ፈታኞቼም ተቀብለውልኛል። አማካሪዬን፣ በሩን የከፈተልኝን ትምህርት ቤትና ተማሪዎቹን በጽሑፉ መግቢያ እንደ ወጉ አመስግኛለሁ። አንዲት ባለሙያን ግን እዚያው ገጽ ላይ በአንድ መስመር ብቻ ስላለፍኋቸው ተገቢውን ምስጋና በይፋ ለማቅረብ፣ በተለይም የመማሪያ ክፍል ንግግር ለምታጠኑ የሙያ ባልደረቦቼ ሥራቸውን ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ።

ባለሙያዋ የድምፅ ቅጂን አዳምጠው ወደ ጽሑፍ የሚገለብጡ፣ ቀደም ሲል በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ወይዘሮ ናቸው። አሁን ስድስት ኪሎ አካባቢ በምትገኝ ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ይዘው ይሠራሉ። በአካባቢው የትየባ፣ የፎቶ ኮፒና የጥረዛ አገልግሎት የሚሰጡ ብዙ ቤቶች ስላሉ ሰው በራቸውን ሳያስተውል ሊያልፍ ይችላል፤ እኔም የደረስሁት ከእኔ ቀደም ብላ በተመረቀች የሥራ ባልደረባዬ ጥቆማ ነው።

የሥራቸው ዋጋ ግልጽ እንዲሆን የጥናቴን ጠባይ ጥቂት ማብራራት ይኖርብኛል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በትምህርት ዓይነትነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። በመሆኑም 9ኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ እንዲከታተል ይጠበቅበታል፤ አፉን ፈትቶ የሚናገርበት ጊዜ ግን በአብዛኛው ያው የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። ጥናቴ የተመለከተው በዚህ ክፍለ ጊዜ ተማሪው ሲናገር ሲሳሳት መምህሩ በምን መንገድ እንደሚያርመው፣ ተማሪውም ከእርማቱ በኋላ ምን እንደሚል ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ዘርፉ ዛሬም ድረስ የሚመለስበት ሥራ ሮይ ሊስተርና ሊላ ራንታ በሞንትሪያል አካባቢ ኢመርሽን በሚባሉት፣ ትምህርቱ ራሱ በፈረንሳይኛ በሚሰጥባቸው ክፍሎች አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ጥናት ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች የመምህራንን የቃል እርማት በስድስት ከፈሉት፦ በግልጽ ማረም፣ ስሕተት መኖሩን ሳይናገሩ ዐረፍተ ነገሩን አስተካክሎ መልሶ ማለት ወይም ሪካስት፣ ማብራሪያ መጠየቅ፣ ስለ ሰዋስው ፍንጭ መስጠት፣ ትክክለኛውን ከራሱ ከተማሪው ማውጣጣት እና ስሕተቱን በጥያቄ ድምፅ መድገም። ከተመዘገቡት እርማቶች 55 በመቶ የሚሆኑት ሪካስቶች ነበሩ። ይሁን እንጂ ተማሪው ለእርማቱ አንዳች ምላሽ የሰጠው ከሪካስቶቹ በ31 በመቶዎቹ ብቻ ሲሆን፣ መምህሩ ሲያወጣጣ ግን ተማሪው ሁልጊዜ ምላሽ ሰጥቷል። መምህራን አብዝተው የሚጠቀሙበት መንገድ ተማሪው በትንሹ የሚያስተውለው መሆኑ እኔንም እንደ መምህር ያሳሰበኝና ወደዚህ ርእስ የመራኝ ግኝት ነው።

እንግዲህ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ተማሪ «ሂ ጎ ቱ ስኩል የስተርዴይ» ይላል፤ መምህሩ «የስ፣ ሂ ዌንት ቱ ስኩል የስተርዴይ» ብሎ ይቀጥላል። ይህ የታወቀ የሪካስት ምሳሌ ነው። ቅጂውን የሚገለብጠው ሰው በቅንነት፣ እጁም ስለለመደ፣ የተማሪውን «ጎ» ወደ «ዌንት» ካስተካከለው ግን ስሕተቱ ከወረቀቱ ይጠፋል፤ እርማቱም እርማት መሆኑ ቀርቶ መምህሩ የተማሪውን ትክክለኛ ንግግር የደገመ ይመስላል። ለሙከራ የአንዲት ክፍለ ጊዜ ቅጂ የሰጠሁት ሌላ አገልግሎት ሰጪ ያስረከበኝ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ነበር፤ ንጹሕ፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር በቦታው የተቀመጠ፣ ለጥናቴ ግን አንዳች የማይጠቅም። ሰውየውን አልወቅስም፤ የትየባ ሙያ ሲማር የተነገረው ግድፈትን እንዲያርም እንጂ እንዲጠብቅ አይደለም።

ወይዘሮዋ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ስለ ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት፣ «ልጄ፣ የምታጠናው ልጆቹ ያሉትን ነው ወይስ ሊሉ የፈለጉትን?» ብለው ጠየቁኝ። በተግባራዊ ሥነ ልሳን ኮርስ የተማርነውን ነገር ከአንድ ጸሐፊ አፍ በአንዲት ጥያቄ መስማቴ አስደንቆኛል። የሥነ ልሳን ተመራማሪው ፒት ኮርደር እ.ኤ.አ. በ1967 የተማሪ ስሕተት በውስጡ እየተገነባ ላለው የቋንቋ ሥርዓት ማስረጃ መሆኑን ከጻፈና ላሪ ሴሊንከር በ1972 ይህን ሥርዓት ኢንተርላንጉዊጅ ብሎ ከሰየመው ወዲህ፣ ስሕተት በዘርፋችን የሚጠፋ ጉድፍ ሳይሆን የሚጠና መረጃ ነው። ኤሊኖር ኦክስም በ1979 ባሳተመችው ጽሑፍ ድምፅን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ራሱ የንድፈ ሐሳብ ምርጫ መሆኑን አስረድታለች። ምን እንደሚጻፍና ምን እንደሚተው የሚወስነው ሰው የጥናቱን ውጤት በከፊል አስቀድሞ ይወስናልና።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ጥንቃቄ ጥያቄያቸው እንዲያው የመጣ እንዳልነበረ አረጋግጦልኛል። ልጆቹ የተናገሩትን እንዳለ፣ የጎደለውን ሳይሞሉ፣ የተደጋገመውን ሳይቀንሱ ጽፈዋል። «እእ» እና «ምን መሰለህ» የሚሉ ማዘግያዎችን እንኳ አልዘለሉም። መምህሩ ወደ አማርኛ ሲሻገር አማርኛውን በፊደል፣ እንግሊዝኛውን በላቲን ስላስቀመጡ በየትኛው ነጥብ ላይ ቋንቋ እንደተቀየረ በዓይን ብቻ ይለያል። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚገለብጡ ብዙዎች ስለሆኑ ይህን ቀላል ነገር አድርገን ልናየው አይገባም፤ የማጥበቅና የማላላት ልዩነት ባይጻፍም አንባቢው በፊደል የተጻፈውን ያለ ግምት ያነባል፣ በላቲን የተጻፈውን ግን እየተደናገረ ይፈታል።

ከሁሉ የላቀው ግን የድምፅ አወጣጥንና ዝምታን የያዙበት መንገድ ነው። መምህሩ «ሂ ጎ?» ብሎ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ተማሪው ራሱን እንዲያርም እየጋበዘ ነው፤ ያው ቃል ድምፁ ወርዶ ሲነገር ግን ማረጋገጫ ሊሆን ይችላል። በወረቀት ላይ ሁለቱን የሚለያቸው የጥያቄ ምልክት ብቻ ስለሆነ፣ ምልክቱ በስሕተት ከተቀመጠ አንዱ የእርማት ዓይነት በሌላው ይቆጠራል። ወይዘሮዋ ድምፁ የሚወጣበትንና የሚወርድበትን ቦታ በቀስት አመልክተዋል፤ እርግጠኛ ባልሆኑበት ቦታም ደቂቃውንና ሴኮንዱን ጽፈው «አንተው ስማው» የሚል ማስታወሻ ትተውልኛል። ዝምታውንም እንዲሁ ለክተዋል። የትምህርት ተመራማሪዋ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባካሄደቻቸው ጥናቶች መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ እንደሚታገሡ፣ ትዕግሥቱ ወደ ሦስት ሴኮንድ ሲያድግ ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና እንደሚሻሻል አሳይታለች። በእኔም ጥናት ተማሪው ለእርማቱ ምላሽ ያልሰጠው ስላላስተዋለ ነው ወይስ መምህሩ ፋታ ስላልሰጠው የሚለውን ለመለየት የቻልሁት የዝምታው ርዝመት በሴኮንድ ስለተመዘገበ ነው። ከፈታኞቼ አንዱ በዚሁ ነጥብ ላይ አጥብቀው ሲጠይቁኝ መልሱን ከአባሪው ገልጬ ለማሳየት ችያለሁ።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል በተማሪ የታጨቀ በመሆኑ ቅጂው ጥራት አልነበረውም። «ቲቸር፣ ቲቸር» የሚለው ጫጫታ፣ የወንበር መጎተት፣ ከውጭ የሚሰማው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ፉጨት የአንዳንዱን ልጅ ድምፅ ውጦታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ ገልባጭ ከዐውዱ ገምቶ ይሞላል። እርሳቸው ግን በቅንፍ «አይሰማም» ብለው ያልፋሉ። አንዳንድ ገጽ ላይ ይህ ቃል በዝቶ ሳየው መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ራሴ ሳዳምጠው ግን በእርግጥም የማይሰማ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እርማቶቹን በየዓይነታቸው የመደብነውን የሁለት ኮድ ሰጪዎችን ስምምነት ኮኸን ካፓ በተባለው መለኪያ ስናሰላ ያገኘነው ውጤት አማካሪዬን ያስደሰተውም ሁለታችን ኮድ ሰጪዎች ያነበብነው ጽሑፍ በግምት ያልተሞላ በመሆኑ ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ ድምፅን በራሳቸው ወደ ጽሑፍ የሚለውጡ ሶፍትዌሮች እያሉ ለሰው ለምን ይከፈላል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ለቃለ መጠይቅና ለስብሰባ ቃለ ጉባኤ መሣሪያዎቹ ሊጠቅሙ ይችላሉ። የጀማሪ ተማሪን ንግግር ሲያገኙ ግን የተሰባበረውን ዐረፍተ ነገር የማስተካከል፣ ማዘግያውን የመጣል ዝንባሌ አላቸው፤ አማርኛና እንግሊዝኛ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲደባለቁም ይደናገራሉ። እኔ የምፈልገው ደግሞ መሣሪያው የሚጥለውን ነው። በኔዘርላንድስ የማክስ ፕላንክ የሥነ ልቡናዊ ሥነ ልሳን ተቋም ያዘጋጀው ኢላን የተባለው ሶፍትዌር ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ በነፃ የሚገኝ ሲሆን ድምፁንና ጽሑፉን በሰዓት አጣምሮ ያስቀምጣል እንጂ አይገምትም። ወይዘሮዋ ይህን ሶፍትዌር ከእኔ በፊት ከነበረች አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ተምረው አሁን ከአብዛኞቻችን በተሻለ ይጠቀሙበታል።

የምሥጢር አጠባበቃቸውም ሊጠቀስ ይገባዋል። የተቀረጹት ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ስለሆኑ የወላጆችንና የትምህርት ቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ወስጃለሁ። ባለሙያዋም የምሥጢር ጥበቃ ስምምነት እንዲፈርሙ ስጠይቃቸው ቅር ሳይሰኙ ከመፈረማቸው በላይ፣ ቅጂው በቴሌግራም እንዳይላክና በፍላሽ ብቻ እንዲመጣ ያሳሰቡት እርሳቸው ናቸው። በንግግሩ መካከል የልጅ ስም ሲጠራ በተሰጠው ምልክት ይተኩታል። ሥራው ሲያበቃም ፋይሎቹን ከኮምፒዩተራቸው ያጠፉት እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እያየሁ ነው።

ጥቆማዬ ታማኝ እንዲሆን የማይሆኑላችሁን ነገሮችም ልናገር። አይቸኩሉም። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ በሚቃረብበት በግንቦትና በሰኔ «ለነገ ይድረስልኝ» ብሎ የሚሄድ ሰው በትሕትና ይመለሳል። የሚያስከፍሉትም በገጽ ሳይሆን በቅጂው ደቂቃ ነው፤ የጫጫታ ክፍል ቅጂ ጸጥ ባለ ቢሮ ከተደረገ ቃለ መጠይቅ የበለጠ ያስከፍላል፤ በአጠቃላይም ከተራ ትየባ ይወደዳል። አንድ ሰዓት ቅጂ በዚህ ዓይነት ዝርዝር ሲገለበጥ የብዙ ሰዓታት ሥራ ስለሚጠይቅ ዋጋው ተገቢ ነው እላለሁ። በሌላ በኩል ዓለም አቀፉን የፎነቲክ ፊደል አይሠሩበትም። ተማሪዎች «ስኩል» የሚለውን «እስኩል»፣ «ዚስ»ን በየመልኩ ሲሉ በራሳቸው ምልክት ያመለክቱልኛል፤ ጥናታችሁ ራሱ በድምፅ ልሳን ላይ ከሆነ ግን ይህ አይበቃችሁም፤ በዚያ የሠለጠነ ሰው ፈልጉ። የጥናት ጽሑፍም አይጽፉም፤ መረጃም አይተነትኑም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የሄደ አንድ ተማሪ ምን ዓይነት መልስ እንደገጠመው ሰምቻለሁ፣ እዚህ ግን አልደግመውም።

ወደ እርሳቸው ለመሄድ ያሰባችሁ ሁሉ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ራሳችሁ ገልብጡ። አማካሪዬ ይህን ሲያዝዙኝ ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን የትኛውን ምልክት ለምን እንደምፈልግ የለየሁት በዚያ ሥራ ላይ ነው፤ ወይዘሮዋም ያንን ግልባጭ እንደ ናሙና ይዘው የቀረውን ሠርተውልኛል። በጌይል ጄፈርሰን የተጀመረውን የንግግር ትንተና ምልክት አሰጣጥ ሙሉውን መውሰድ አያስፈልግም፤ ለጥናታችሁ የሚያስፈልጓችሁን ምልክቶች ብቻ በአንድ ገጽ ዘርዝራችሁ ከምሳሌ ጋር ብታቀርቡላቸው በፍጥነት ይረዷችኋል። ተገልብጦ የመጣላችሁንም ቅጂውን እየሰማችሁ መስመር በመስመር አመሳክሩት፤ ይህን ስታደርጉ ቅር እንደማይላቸው፣ እንዲያውም ሳታመሳክሩ ብትቀበሉ እንደሚቆጡ ከወዲሁ ላስታውቃችሁ።

ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ አድራሻቸውን በውስጥ መልእክት ለሚጠይቀኝ ሰው ብቻ እሰጣለሁ። ስትጽፉልኝ የጥናታችሁን ርእስ፣ የቅጂውን ጠቅላላ ርዝመት፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ብቻ ወይም ድብልቅ መሆኑንና ማስረከቢያችሁ መቼ እንደሆነ ግለጹልኝ፤ ጊዜ እንዳላቸውና እንደሌላቸው ጠይቄ እመልስላችኋለሁ። የፈቃድ ደብዳቤያችሁን ቅጂ ሳትይዙ አትሂዱ፤ ያለ እርሱ ፍላሹን አይቀበሉም።