ከውኃና ከአየር አሞኒያ ለማምረት፦ አልካላይን ወይስ ፔም ኤሌክትሮላይዘር?

አሞኒያን ከውኃና ከአየር ለማምረት የሚያስብ ባለሀብት ወይም የገበሬዎች ዩኒየን ከሁሉ አስቀድሞ በጥንቃቄ ሊመርጥ የሚገባው ውኃውን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የሚለየውን ኤሌክትሮላይዘር ነው። ናይትሮጅንን ከአየር መለየትም ሆነ ሁለቱን ጋዞች በብረት ካታሊስት (ሂደቱን በሚያፋጥን ንጥረ ነገር) ላይ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት ማዋሐድ እ.ኤ.አ. ከ1913 ጀምሮ በፋብሪካ ደረጃ የተፈተነ ሥራ ነው። አንድ ቶን አሞኒያ 10 ሜጋዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ የሚፈጅ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚውለው 177 ኪሎ ግራም ያህሉን ሃይድሮጅን ለማውጣት ነው።

ከሁለቱ ዋና የኤሌክትሮላይዘር ዓይነቶች አንዱ የሆነው አልካላይን በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ብጥብጥ ውስጥ በኒኬል ኤሌክትሮዶች ይሠራል። በኖርዌይ ርዩካን፣ በኋላም በግብፅ አስዋን በሚገኘው የኪማ ፋብሪካ፣ በውኃ ኃይል እየሠራ ለማዳበሪያ የሚሆን አሞኒያ ያስገኘው ይህ ዓይነት ነው። ችግሩ የሚመጣው ኃይሉ ሲዋዥቅ ነው። ጭነቱ፣ ማለትም የሚሠራበት ኃይል፣ ከአቅሙ ወደ አንድ አምስተኛ ሲወርድ የሚመረተው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ሁለቱን ጋዞች በሚለየው ግድግዳ በኩል የሚሾልከው ሃይድሮጅን ግን እምብዛም ስለማይቀንስ በኦክስጅኑ ውስጥ ያለው ድርሻ ከፍ ይላል፤ 2 በመቶ ገደማ ሲደርስም ፍንዳታ እንዳይነሳ መሣሪያው እንዲቆም ይደረጋል። ስለዚህ ገዢው ዝቅተኛው የጭነት መጠን በውሉ ላይ በቁጥር እንዲሰፍር ይጠይቅ።

ሁለተኛው ዓይነት ፔም ፕሮቶን በሚያሳልፍ ስስ ገለፈት የሚሠራ ሲሆን የፀሐይና የነፋስ ኃይልን መዋዠቅ በሰከንዶች ውስጥ ይከተላል፤ ነገር ግን ኢሪዲየም የተባለውን ውድና ብርቅ ማዕድን ይፈልጋል። በእኔ እምነት ለአሞኒያ ፋብሪካ ይህ ፍጥነት የሚጋነነውን ያህል ጥቅም የለውም፤ ጋዞቹን ወደ አሞኒያ የሚለውጠው ማዋሐጃ ራሱ ድንገተኛ መዋዠቅን ስለማይወድ የሃይድሮጅን ማጠራቀሚያ መግዛት አይቀርምና። አስተማማኝ የውኃ ኃይል ላለው ሰው ምርጫዬ ያለማመንታት አልካላይን ነው። ከ700 ዲግሪ በላይ የሚሠራው ሦስተኛው ዓይነት፣ ጠጣር ኦክሳይድ የሚባለው፣ ኤሌክትሪክ ቢቆጥብም ሴሎቹ ቶሎ ያረጃሉ።

የትኛውም ቢመረጥ፣ በሃይድሮጅኑ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ኦክስጅንና እርጥበት የብረቱን ካታሊስት ስለሚመርዝ፣ ማጣሪያው በዋጋው መካተቱ ይረጋገጥ። ደግሞም ዩሪያ ለመሥራት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልጋል፤ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ ፋብሪካ ከራሱ ሂደት ያገኘዋል፣ ከውኃና ከአየር የሚያመርት ግን የለውም። ገበሬው የለመደውን ዩሪያ ማቅረብ የሚፈልግ ገዢ ካርቦኑን ከየት እንደሚያመጣ የኤሌክትሮላይዘሩን ውል ከመፈረሙ በፊት ይወስን፤ ካልሆነም ዕቅዱን ወደ አሞኒየም ናይትሬት ያዙር።