ፖምፓ ላይ ናፍጣ ስላንጠባጠበ ብቻ የሙሉ እድሳት ዋጋ እንዳትከፍሉ

የናፍጣ መኪና ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ የድሮዎቹን ቶዮታዎች የምትነዱ፣ ፖምፓ (ናፍጣን ለክቶ በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከውን ዕቃ) ለማሠራት ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ 42 ሺህ ብር ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነፃ እወቁት።

መኪናዬ ባለ 3ኤል ሞተር ሃይሉክስ ነው። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኜ ደብረ ብርሃን አመጣበታለሁ። ጠዋት ጠዋት አልነሳ ሲለኝ መጀመሪያ የደብረ ብርሃን ብርድ መስሎኝ ነበር። ቁልፍ ስሰጠው ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይነሳም። ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ስጫነው ግን ይነሳል። ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ፖምፓው አናት ላይ፣ የነዳጅ ካቮው (ከነዳጅ መርገጫው የሚመጣው ሽቦ) የሚስበው ክንድ ሥር፣ አቧራ የለበሰ እርጥብ ናፍጣ አገኘሁ።

አዲስ አበባ ወስጄ ለአንድ ፖምፒስታ (ፖምፓ ሠሪ) አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየት አደረገና «ፖምፓው አልቋል፤ ወርዶ ማሽን ላይ ተለክቶ ሙሉ እድሳት ይፈልጋል» አለኝ። አመንኩት። ሦስት ቀን አስቀመጠው። ስረከብ አሮጌዎቹን ዕቃዎች ብጠይቅ «ጥለናቸዋል» ተባልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ነገ ና» አሉኝ፤ እኔም መንገዱ እንዳይመሽብኝ ብዬ ተነሳሁ። ሲነዳ ጉልበቱ ጨምሯል፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ደስታው የቆየው እስከ ጣርማበር ነው። ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ከፊቴ አንድ ሲኖትራክ ስለነበር ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ በቀስታ ልከተለው አልኩ። እግሬን ከነዳጁ አንስቻለሁ፤ መኪናው ግን ይገፋል። ሞተሩ ሊይዝልኝ ሲገባ ወደፊት ይነዳኛል። ፍሬን ላይ እግሬን ጭኜ ነው የወረድኩት። ደብረ ሲና ስደርስ የፍሬኑ ሽታ ጋቢናውን ሞልቶት ነበር። ሽንኩርት ጭኜ ስመለስ ደግሞ ዳገቱ ላይ ከኋላዬ የሚወጣው ጥቁር ጭስ መንገዱን ይጋርዳል። ጣርማበር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ሲሳሳ የበዛ ናፍጣ ተቃጥሎ አያልቅም፣ ጭስ ሆኖ ይወጣል። በማግስቱ ጠዋትም ያው እንደ ድሮው አልነሳ አለኝ።

ሰው ጠቁሞኝ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ምንም ሳይፈቱ በፊት ባትሪ ይዘው ፖምፓውን ዙሪያውን አዩት። «ልጄ፣ ይህ ፖምፓ ወረደ ያለህ ማነው?» አሉኝ። ወደ ኖዝል (ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው ዕቃ) የሚሄዱት ቧንቧዎች ዳዶ ላይ የዓመታት አቧራና ቅባት እንደ ጭቃ ደርቆ ተቀምጧል፤ ቁልፍ ነክቶት አያውቅም። የተፈቱት የላይኛው ክዳን አራት ቡሎኖች ብቻ ናቸው፤ እነሱ ያበራሉ። ቧንቧዎቹ ሳይፈቱ ፖምፓ አይወርድም። እኔ የከፈልኩት ግን ለማውረጃ፣ ለማሽንና ለእድሳት ነው።

ጋሼ ቀጥለው ክንዱን አሳዩኝ። ክንዱ የሚገባበት ዘንግ ጫፉ ላይ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት። ዘንጉ ላይ አንዲት ጭረት አለች፣ ክንዱም ላይ እንዲሁ፤ ሁለቱ መግጠም ሲኖርባቸው በአንድ ጥርስ ተሳስተዋል። ያ ክንድ ፖምፓው ውስጥ ያለውን የገቨርነር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ክፍል) ሞላ ነው የሚወጥረው፤ ስለዚህ አንድ ጥርስ ሲሳሳት እግራችሁን ብታነሱም ሞላው እንደተወጠረ ይቀራል፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ይጮኻል። ፖምፒስታው የሚኒሞዋን ቪቴ (ማስተካከያ ቡሎን) እስከ መጨረሻው አላልቷት ነበር፤ እንዲያም ሆኖ አልወረደም። ከፖምፓው ኋላ ያለችው የናፍጣ መጠን መወሰኛ ቪቴ ደግሞ ማኅተሟ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገብታለች። ጉልበት ጨመረ ብዬ የተደሰትኩት በዚህች ነበር። ሩብ ዙር እንኳ ብዙ ለውጥ ታመጣለች፤ ጥቁር ጭስ እያወጣ ሽቅብ ሲነዳ የከረመ ሞተር ፒስተኑንና ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ያቃጥላል።

ዋናው ጉዳት የዘንጉ ኦሪንግ ነበር፣ ከጣት ቀለበት የምታንስ ላስቲክ። ሞተሩ ሲሠራ በእሷ በኩል ናፍጣ ይወጣል፣ ሲጠፋ ደግሞ አየር ይገባና ናፍጣው ወደ ታንከር ይመለሳል። የጠዋቱ አለመነሳት ከዚህ ነው። ያኛው ሰው የገጠመው ተራ ላስቲክ ናፍጣ ጠጥቶ አብጦ ነበር፤ በጥፍር ሲነኩት ይፈረፈራል። ጋሼ ዘንጉን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወዘወዙት፤ አይንቀሳቀስም። ቢንቀሳቀስ ኖሮ ክዳኑ ራሱ ተበልቷል ማለት ነውና ኦሪንግ ብቻ አይበቃውም ነበር አሉኝ። ናፍጣ የሚችል ኦሪንግ ገጠሙ፣ ጭረቶቹን አገናኙ፣ ቪቴዎቹን ወደ ቦታቸው መለሱ። ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ከነዕቃው 2,500 ብር ከፈልኩ።

እባካችሁ፣ ፖምፓ ከማስነካታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፦ የክንዱንና የዘንጉን ጭረት፣ የቪቴዎቹን ማኅተም፣ የፖምፓውን ቁጥር፣ የቧንቧዎቹን ዳዶ። «ይወርዳል» ከተባላችሁ ሲወርድ ቆማችሁ እዩ። አሮጌውን ዕቃ እጃችሁ ላይ ሳይሰጧችሁ አትክፈሉ። መኪናው ጉልበት አጣ ብላችሁ ከሆነ የምትሄዱት ደግሞ፣ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍታችሁ አንድ ሰው ነዳጁን እስከ ወለሉ ይርገጥላችሁና ክንዱን እዩት። ክንዱ የመጨረሻዋን ቪቴ (ከዚያ በላይ እንዳይሄድ የምታቆመውን) ካልነካ የላላው ካቮው ነው፤ እሱን ማጥበቅ ሁለት ዳዶ ማዞር ብቻ ነው።

ደረሰኙን ደግሞ እንደ እኔ ለነገ አትተዉት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰብን ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት ሰጥቶናል። ተመልሼ ስሄድ ግን ሰውየው «መኪናህን አይቼው አላውቅም» አለኝ፤ በእጄ ላይ የማሳየው አንዲት ወረቀት አልነበረኝም።